ጎደሬው ላይ የተተከለ ድንኳን

ቤተልሔምም ተነሣች። ልጇን እንዳዘለች ከመሐለኛው አግዳሚ ተነሥታ፣ በለቀስተኛው ጉልበት መሐል እየተሽሎከለከች፣ ሸራው ዝናብ ወደሚያንጠባጥብበት ጠርዝ ሄደችና ቁጢጥ አለች። ከእሷ በፊትም የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ እንደዚሁ ሄደዋል። ቦታ ሞልቶ ሳለ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሾካሾካሉ። መሐሉ የወንዶቹ ሆኗል፤ እነሱም እግራቸውን ዘርግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ቡና ዋጋና ስለ ቴፒ መንገድ ያወራሉ።

ከፈለኝ ምሰሶው ሥር በተነጠፈለት ፍራሽ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይህን ሁሉ ያያል። ያያል እንጂ ምንም አይሰማውም። ሚስቱን ሎሚን ትናንት ቀብሯል። «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ «ጌታ ያጽናናህ» ሲሉትም ይነቀንቃል። ንፍሮ ሲያቀርቡለት ይዘግንና መዝገኑን ይረሳዋል፤ ቆይቶ እጁን ሲከፍት ስንዴው ሞቆ ያገኘዋል። እንባ የሚባል ነገር አልመጣለትም። መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ እንኳ የሚያየው ጫማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ነበር። ወንድ ልጅ የሚያለቅሰው በሆዱ ነው እያሉ ሰዎቹ አለፉት፤ እሱ ግን ሆዱም ውስጥ ፈልጎ አጥቶታል።

የሴቶቹ ዳር ዳር ማለት ብቻ ትንሽ ቆረቆረው። የሚንሾካሾኩት ስለ እሱ መሰለው። ሎሚ የሞተች ቀን ጠዋት ራሴን አመመኝ ስትለው «ፀሐይ ነው፣ ጋደም በይ» ብሎ ወደ መናኸሪያ የወጣው እሱ ነው። ሲመለስ ሰፈሩ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ደም ግፊት ነው አሉት። እንግዲህ ሴቶቹ ይህን ያወራሉ፣ ያውሩ፣ እውነታቸውን ነው ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

ከፈለኝ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ማጂ ተወልዶ ማጂ ያደገ፣ አባቱ ከሰሜን የመጡ፣ ጤፍ ካልሆነ እህል የማይመስለው ሰው። ሎሚ ደግሞ የዚሁ የሚዛን ልጅ ናት። ሲያገኛት መንገድ ዳር አናናስ ትሸጥ ነበር። እሱ ከነመኪናው ቆሞ ዋጋ ሲከራከራት ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ አናናሱ አልቆ ክርክሩ አላለቀም። ለእሱ ብላ ቤተ ክርስቲያኑን ተቀበለች፣ ጾሙን ጾመች፤ ጎደሬዋን ግን አልተወችም። እሱም በበኩሉ ጎደሬ በጉሮሮዬ አይወርድም እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ኖረ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ድስት ሲጣድ ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር።

ከደጃቸው ፊት ለፊት ለመንገድ ተብሎ የተተወ፣ መንገዱም ሳይመጣ የቀረ ሰፊ ሜዳ አለ። ሎሚ የሰፈሩን ሴቶች አስተባብራ እሱን ቆፈረችው። መሐሉን ጎደሬ፣ ዳር ዳሩን ጎመንና ዱባ፣ አጥሩ ሥር እንሰት። ጎደሬ ጎተራ አያሻውም፤ መሬት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲርብ ይቆፈራል። ክረምት ገብቶ በየቤቱ በቆሎው ሲያልቅ፣ ከዚያ መደብ ያልበላ የሰፈሩ ቤት አልነበረም። ሎሚ ለማንም ትሰጣለች፣ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ ሆዱን ብሉና ራሱን መልሱልኝ ትላለች። የጎደሬ ራስ፣ ቅጠሉ የሚወጣበት ጫፍ፣ ተቆርጦ ሲተከል መልሶ ያፈራልና። ሰው እንግዳ እንኳ ቢመጣበት፣ ቢቸግረውም፣ ራሱን ቆርጦ ለእሷ ይመልስ ነበር።

ከፈለኝ ማታ ማታ መኪናውን አቁሞ ሲመጣ መደቡን አቋርጦ መግባት ይወዳል። እሷ ካጎነበሰችበት ቀና ሳትል «በዳር ና» ትለዋለች። ስንት ዓመት እንደዚያ አለችው።

አንድ ቀን ድካሙ በዝቶበት፣ «ከቦንጋ እስከዚህ ጠመዝማዛውን ስዞር ውዬ፣ ደጄ ላይ ደግሞ ልዙር?» አላት።

«አዎ፣ ዙር» አለችው።

እየሳቀ ዞረ። በነጋታው ግን ያው ሊያቋርጥ ሞከረ፣ እሷም ያው «በዳር ና» አለችው።

መኪናው ቴፒ መንገድ ላይ የተገለበጠ ጊዜ እግሩ ተሰብሮ ክረምቱን በሙሉ አልጋ ላይ ዋለ። ጤፍ የተወደደበት ዓመት ነበር፤ ያለው ሰውም ገበያ ደርሶ ጠይቆ ብቻ የሚመለስበት። ሎሚ አንድ ድስት ብቻ መጣድ ጀመረች። ጎደሬውን ቀቅላ፣ ልጣ፣ በሚጥሚጣና በጎመን አቀረበችለት። በላ። ደስ አለው ማለት አይደለም፣ በላ። እግሩ ድኖ፣ ጤፉም ረክሶ፣ እንደ ድሮው «በጉሮሮዬ አይወርድም» እያለ ለሰው ሲያወራ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች፤ አንድ ቀን እንኳ አላጋለጠችውም። አሁን ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ይህ ትዝ ሲለው ማዘን እንዳለበት ያውቃል፤ ሐዘኑ ግን ከሩቅ ቆሞ ያየዋል እንጂ አይቀርበውም።

ሲመሽ ለቀስተኛው ሳሳ። ቤተልሔም ከቤቷ የሠራችውን ሽሮ ይዛ መጣችና አጠገቡ አስቀመጠችለት። ልትሄድ ስትል አስቆማት። ለምን ሁላችሁም ዳር እንደምትቀመጡ አውቄዋለሁ፣ ብትናገሩኝ ይሻለኛል አላት። ቤተልሔም ደነገጠች። ዝም አይነቅዝም ብላ ሁለት ቀን ችላ ነበር፤ ደግሞም በሐዘን ላይ ስለ ሆድ ማውራት ነውር ነው። ዞር ዞር ብላ አየችና ተንበርክካ በጆሮው ነገረችው።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። የተቀመጥንበት የእትዬ ሎሚ መደብ ነው። ዘሩ ከእግራችን ሥር ነው ያለው።»

ከፈለኝ ምሰሶውን አየ፤ ከምሰሶው ሥር ያለውን አፈር አየ።

«የሰፈሩ ዘር በሙሉ ነው» አለች፤ «አምና ጎርፍ የየጓሯችንን ጠርጎት፣ የተረፈው እሷ ጋ ያለው ብቻ ነበር። በቅርቡ ነው የተከለችው። ሰሞኑን ይበቅላል ብላን ነበር። እግራችን እንዴት ብሎ ይርገጠው?»

ስለ እሱ አልነበረም የሚንሾካሾኩት። ይህም ቢሆን አላቀለለውም። የእድሩ ዳኛ በዛብህ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ መጥቶ ድንኳኑን የት እንትከለው ብሎ ጠይቆት ነበር። እሱ ነው በእጁ ያሳየው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የዝሆን ጆሮ የሚያህለው ቅጠል ስላለ ማንም እዚያ ድንኳን አያስብም። የተቆፈረ፣ የተደለደለ፣ ባዶ የሚመስል ሜዳ ሲያይ እዚያ አለ። በዚያው ሰሞን እሷ እዚያው ላይ አጎንብሳ ሲያያት ሰንብቶ። በዛብህም የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ነው፣ ግን ከተማ ለከተማ የኖረ ነው፤ ካስማውን አስመትቶ፣ ወንበሩን አስደርድሮ፣ ሰውን አስገባ።

ያን ሌሊት ሽሮው ሳይነካ አደረ።

ሠልስቱ ከወጣ በኋላ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ፍራሹ መጡ። በዛብህ ጉሮሮውን ጠርጎ የክብር ነገር ይዞ መጣ። በደንቡ መሠረት ድንኳን ዛሬ ይነሣል። ነገር ግን ከፈለኝ ስንቱን የእድሩን ሬሳ በመኪናው እስከ ገጠር ድረስ በነፃ ያደረሰ ሰው ነው፤ ውለታው አይረሳም። ታናሽ ወንድሙ ኃይለጊዮርጊስና የማጂ ዘመዶቹም በጭቃው ምክንያት መንገድ ላይ ናቸው፤ መጥተው ባዶ ሜዳ ሊያገኙ አይገባም። ስለዚህ ድንኳኑ እስከ ሰባቱ ይቆይ ብለን ወስነናል አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤተልሔም ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች።

ከፈለኝ አላመሰገነም። ነገሩ ግልጽ ነበረለት። ድንኳኑ ከቆየ የሎሚ ዘር ከሥሩ ይታፈናል፣ የወጣውም ይረገጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ እነዚህ ሴቶች የሚቆፍሩት አይኖራቸውም። ድንኳኑ ከተነሣ ደግሞ አክብረው የሰጡትን እንቢ አለ ይባላል። የሎሚ ዘመዶች ይሰማሉ። የማጂ ልጅ ብትሆን ኖሮ ሰባት ቀን ባስቀመጠላት፣ የእኛ ስለሆነች ነው ይላሉ። እዚያው ጥግ ላይ የሎሚ ታላቅ እህት ተቀምጣ አፉን አፉን ታየዋለች።

ዓይኑን ዝቅ አደረገ። በበዛብህ ሁለት ጫማዎች መሐል አፈሩ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ የተጠቀለለ ቅጠል ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ብርሃን ስላላገኘ ነጣ ብሎ፣ ጎኑ ተጣሞ።

«ድንኳኑ ይነሣ» አለ ከፈለኝ።

ሐዘን ያናገረው መሰላቸው። በዛብህ በትዕግሥት እንደ ሕፃን ሊያባብለው ጀመረ። አይዞህ፣ እድሩ ነው የሚችለው፣ አንተ ምንም አታስብ አለው።

«ሎሚ ዘር የተከለችበት ላይ ነው የተቀመጥነው። እግርህ ሥር እየው።»

በዛብህ አጎነበሰ። አንድ እግሩን፣ ቀጥሎም ሌላኛውን ቀስ ብሎ አነሣ። ከዚያ የት እንደሚያሳርፋቸው ግራ ገባው። ነውርህ ነው፣ ሰው ምን ይላል አለ፤ አባባሉ ግን እንደ ቅድሙ የዳኛ አልነበረም።

«ይበል።»

«አንተስ የት ትቀመጣለህ?»

«ዳር» አለ ከፈለኝ።

መጀመሪያ አግዳሚዎቹን ያነሡት ሴቶቹ ናቸው። ማንም ሳያዝዛቸው፣ ሳይጎትቱ፣ ለሁለት ለሁለት እያነሡ አጥሩ ሥር ደረደሯቸው። ወንዶቹ ገመድ ሲፈቱ የሎሚ እህት ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ልትናገር መሆኑን ሁሉም አወቀ። ሸራው ሲነሣና ግራጫው ብርሃን መሬቱ ላይ ሲወድቅ ግን የተረገጠው መደብ ወለል ብሎ ታየ። እዚህም እዚያም ነጣ ነጣ ያሉ ጫፎች አሉ። የወንበር እግር የሰረሰረው ጉድጓድ አለ፤ በአንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ የጎደሬ ራስ ከነሥሩ ተገልጦ ወጥቷል። እህትየዋ ቁጢጥ ብላ መልሳ ቀበረችው። በመዳፏ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ተነሣች። ከሴቶቹም ጋር አጥሩ ሥር ተቀመጠች።

ካፊያ እያካፋ ነው። ለቀስተኛው በአጥሩ ሥር ተደርድሮ፣ በዣንጥላና በሙዝ ቅጠል ተከልሎ ተቀመጠ። ከመንገድ የሚያልፈው ሰው ቆም እያለ ያያል። ደጁ መሐል ሰው የሌለበት መደብ፣ ዙሪያውን የተቀመጠ ሰፈር። አንዳንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ስለ ሞተችው ይሁን ስለ ድንኳኑ አይታወቅም። ከፈለኝ ከመደቡ ማዶ በኩል ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። አሁንም ምንም አይሰማውም። ብርድ ብቻ ይሰማዋል፣ ድሮ የተሰበረው እግሩም በብርዱ ይጠዘጥዘዋል።

ከሰዓት በኋላ ጭቃ የለበሰ መኪና መጥቶ ቆመ። ኃይለጊዮርጊስ ከነጋቢው ወረደና ድንኳን ፈለገ። ቤቱን የሳተ መስሎት አጥሩን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ከመደቡ ማዶ ወንድሙን ብቻውን በወንበር ላይ አየው።

«ወይኔ ጋሼ! ወይኔ እትዬ ሎሚን!»

እጆቹን ዘርግቶ፣ እየጮኸ፣ በቀጥታ ወደ እሱ መጣ። በማጂ ሰው ልቅሶ ሲደርስ ሌላ መንገድ የለም፤ በቀጥታ ነው። ሴቶቹ ተነሡ፣ ማንም ግን ለቀስተኛ ቁም ለማለት አልደፈረም። ኃይለጊዮርጊስ የመደቡ ጠርዝ ላይ ደርሶ እግሩን አነሣ።

ከፈለኝ ብድግ ብሎ እጁን ወደ ላይ አደረገ።

«በዳር ና» አለው።

ድምፁ የእሱ አልነበረም። ቀና ሳትል፣ ሳትቆጣ፣ ለስንት ዓመት የነገረችው ነው እንዳለ የወጣው። ኃይለጊዮርጊስ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆመ። ከፈለኝ ሊደግምለት አፉን ከፈተ፤ ከቃሉ በፊት እንባው ወረደ።

እጁን አወረደና መራመድ ጀመረ። አጥሩን ይዞ፣ በተሰበረ እግሩ እያነከሰ፣ ሰዎቹ ጉልበታቸውን እየሰበሰቡለት፣ የመደቡን ጥግ ዞሮ፣ ሁለተኛውንም ጥግ ዞሮ፣ ረጅሙን መንገድ ሁሉ ዞሮ ወደ ወንድሙ ሄደ።