የቀለም ሱቁ ፕሪንተር

ሱቁን የምታሠራው ታላቅ እህት ነበረች፤ ባለቤት የሚባለው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ። አባታቸው ሲሞት ንብረቱ በወንድ ልጁ ስም ዞረ፣ እሷም አልተከራከረች። እሷ ምድር ቤት ቀለም ትቀምማለች፤ እሱ ፎቅ ላይ በመስታወት ክፍል ተቀምጦ ስትቀምም ያያል። ደንበኞች «ጠብታ» ይሏታል፣ ነጩ ላይ ጥቁር የምትጨምረው ዓይን ላይ መድኃኒት እንደሚያንጠባጥብ ሰው ትንፋሿን ይዛ ስለሆነ። ወንድሟን ሁሉም «ማናጀር» ይለዋል። ይህን ስም ያወጣው ራሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው የድሮው ፕሪንተር የሞተ ዕለት ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ በወፍራም ገመድ የተያያዘ፣ ወረቀቱን በመርፌ እየወጋ የሚጽፍ፣ ሲያትም ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው የሚንቋቋ ማሽን ነበር። ጠብታ ለአንድ ቀለም ቀቢ የግድግዳ ቀለም ቀምማ፣ ምን ከምን ምን ያህል እንደገባ የሚናገረውን የቅልቅሉን ወረቀት ባልዲው ክዳን ላይ ልትለጥፍ ስትጠብቅ፣ ማሽኑ ግማሽ መስመር ጽፎ ዝም አለ። አጠፋችው፣ አበራችው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገችው። አልተነሳም።

ማናጀር ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ማንንም ሳያማክር ትልቅ አዲስ ፕሪንተር ገዝቶ መጣና ፎቅ ላይ፣ ከራሱ ጠረጴዛ ጎን አስቀመጠው።

«እኔ የምሠራው እታች ነው» አለችው።

«የኔትወርክ ፕሪንተር ነው፣ እትዬ። አንቺ ከታች ታዢዋለሽ፣ እዚህ ይወጣል። እኔም እያየሁ እፈርምበታለሁ።»

«ምኑ ላይ ነው የምትፈርመው? ስለ ቀለም ምን ታውቃለህ?»

«አሠራር ነው» አለ። ምክንያት ሲያጣ ሁልጊዜ የሚላት ይህችን ነው።

እንዲገጥምለት የሚስቱን ወንድም ጠራ። ይህ አማቹ በቤተሰቡ ዘንድ «ኢንጂነሩ» ይባላል። ጠብታ በወንድሟ ሠርግ ላይ አይታው ነበር፣ ያኔውኑም ናቀችው። ጫማው እንደ መስታወት ያበራል፤ ሰላምታው ደግሞ እንደ ቀብድ ነው፣ ቀሪውን አይከፍልም።

መጣ። ቀለም እንዳይነካው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስክሪኑን አየ። ጥቁር ላይ ነጫጭ ፊደላት ብቻ፤ ሥዕል የለ፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለ። ሳቀ።

«ይሄ ነገር ገና በሕይወት አለ እንዴ?»

«እኔም አለሁ» አለችው።

«መጣል ነው ያለበት። አዲስ ሶፍትዌር ይግዙ።»

«አዲሱ የሚያውቀው የአምራቹን ቀለም ነው። ይሄ የሰውን ቤት ያውቃል። የክሊኒኩ ኮሪደር ተልጦ እንደገና ሲቀባ፣ ምን ከምን እንደተቀላቀለ ከዚህ ሌላ የሚነግርህ የለም።»

«እርስዎስ አያስታውሱም?»

«እኔ እረሳለሁ። ደግሞም እሞታለሁ።»

ቅልቅሉን የሚመዘግበውን ይህን ፕሮግራም የሠራው የወንድሟ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። ደወሉለት። ሰውየው አሁን ዶሮ ያረባል። «እውነት እኔ ነኝ የሠራሁት?» ብሎ ጠየቃቸው፤ መልሱንም ሳይሰማ፣ ዶሮዎቹ ተረብሸዋል ብሎ ዘጋው።

ኢንጂነሩ ኮቱን ሳያወልቅ ሥራ ጀመረ። ለጠብታ ያስረዳት አፉን እንዳልፈታ ልጅ ቆጥሮ ነው። «ይሄ ፕሮግራም የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው፣ የዚያን የወፍራሙን ገመድ መሰኪያ። ኔትወርክ ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ እናታልለዋለን። በሩ ያለ መስሎት ይልካል፣ እኛ ከበሩ ኋላ ቆመን እንቀበልና ወደ ላይ እናሳልፋለን። ገባዎት?»

«መታለል ለዚህ ቤት አዲስ አይደለም።»

ትእዛዙን ጻፈና አትም አለው። ስክሪኑ «ታትሟል» አለ። ሁለቱም አንጋጠው ጣሪያውን አዩ።

«ምንም አልመጣም» የሚል ድምፅ ከፎቅ ወረደ።

ደገመው። ገመዱን ነቅሎ ሰካው፣ ትእዛዙን ቀያየረው፣ እንደገና ላከ። ማናጀር ከወንበሩ ሳይነሳ በየጊዜው «ምንም» ይላል። ጠብታ ባልዲዋን እያማሰለች ታዳምጣለች፤ ደስታዋን ለመደበቅም ብዙ አልደከመችም። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ተናደደና ፕሮግራሙን ዘጋው። ወዲያው ከላይ የወረቀት ጎርፍ ተሰማ። እስካሁን የላከው ሁሉ ተከታትሎ ወጣ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ ማናጀር።

ኢንጂነሩ ግንባሩን ይዞ ትንሽ አሰበ። «ፕሮግራሙ ጨረስኩ አይልም» አለ፣ ለራሱ ያህል። «በሩን ከፍቶ ይተወዋል። ኮምፒውተሩም ገና የሚመጣ አለ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቃል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ጠብታ።

«ልክ እንደሱ ነው» አለ፣ ተረቱን እንደ ሙያ ቃል ተቀብሎ።

በመሀል የሚቆም አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጫነ፤ አሮጌው ትንሽ ዝም ካለ እንደጨረሰ ቆጥሮ የሚልክ። አሁን ወረቀቱ ቶሎ ወጣ። ኢንጂነሩ ራሱ ሄዶ ይዞት ወረደ። እያንዳንዱ መስመር የሚጀምረው ያለፈው ካቆመበት ነበር፤ ጽሑፉ ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ግማሹ ከወረቀቱ ጠርዝ ወድቋል።

«ሰክሯል» አለች።

«የድሮው ፕሪንተር መስመር ሲያልቅ ሳይነገረው ወደ ግራ ይመለስ ነበር። ይሄኛው ካላዘዙት አይመለስም።» ኮቱን አወለቀ። የፕሮግራሙን አሮጌ ቅንብሮች አንድ በአንድ እየከፈተ ያይ ጀመር። በዚያ መሀል ክርኑ ቀይ ቀለም ያለበት ክዳን ላይ አረፈ፤ ነጭ ሸሚዙ ተበላሸ። ጠብታ ጩኸት ጠበቀች። እሱ ግን አየት አደረገውና እጅጌውን ጠቅልሎ ቀጠለ። ይህ አልተመቻትም። የናቁት ሰው ሥራውን አጥብቆ ሲሠራ ማየት ደስ አይልም።

ማናጀር ከአንድ ኮንትራክተር ጋር እየተጨዋወተ ወረደ። «ለአንዲት ገመድ ይሄን ያህል ሰዓት» አለ፣ ለኮንትራክተሩ። «ምን ላድርግ፣ የሚስቴ ወንድም ነው። እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል?»

ኮንትራክተሩ ለይሉኝታ ፈገግ አለ። ኢንጂነሩ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም፤ ጣቶቹ ግን ቁልፎቹ ላይ ደርቀው ቀሩ። ማናጀርና ኮንትራክተሩ ለምሳ ወጡ።

ጠብታ ጨርቅ በቲነር ነክራ ዘረጋችለት። «ሳይደርቅ ጥረገው።»

ጠረገ። «ጋሼ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«አንተ እኮ ዛሬ ነው የመጣኸው» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ መስመሩን ወደ ግራ የሚመልሰውን ቅንብር አገኘና ወረቀቱ ተስተካክሎ ወጣ። ኢንጂነሩ ከፎቅ አምጥቶ ሰጣት። መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ የእያንዳንዱ ቀለም መጠን በቦታው ነው። ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ደህና ነው» አለች። ከዚያ በላይ አልወጣትም። ቀጥላም እስከ ክንዷ በቀለም የተነከሩ እጆቿን እያሳየችው፣ «እንግዲህ ለእያንዳንዱ ወረቀት እዚያ ድረስ ወጥቼ እሱን ልለምን ነው?» አለች።

ኢንጂነሩ ደረጃውን አየ፤ ከዚያ የመስታወቱን ክፍል። «ፕሪንተሩ ገመድ እንጂ ፎቅ አልጠየቀም። ገመዱ እዚህም ይደርሳል።»

«ከባድ ነው።»

«ሁለት ነን።»

ተሸክመው አወረዱት። እሷ ወደ ኋላዋ እየረገጠች፣ እሱ ከላይ ደግፎ፣ ሁለቱም እየተነጫነጩ። ከመቀላቀያው ማሽን ጎን አስቀመጡት።

ማናጀር ከምሳ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ፣ ወዲያውም እስከ ደረጃው አጋማሽ ወረደ። «ፕሪንተሬ የታለ?»

ኢንጂነሩ ኮቱን እየለበሰ ነበር። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። «ላይ ማስቀመጡ ልክ አልነበረም፣ ጋሼ። መረጃ ወደ ላይ ሲወጣ ይደክማል። ችግሩ ሁሉ እሱ ነበር። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል።»

ማናጀር አለማወቁን ከሚናገር ምላሱን ቢቆርጥ የሚመርጥ ሰው ነው። «አዎ» አለ፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

ጠብታ ዞር ብላ ባዶ ጣሳ መደርደር ያዘች።

ኢንጂነሩ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለ። «አሁንም እልዎታለሁ፣ ያ ፕሮግራም መጣል አለበት።»

«ሂድ እንግዲህ» አለችው፤ ደህና ዋልም አላለችውም። ከዚያ ወዲህም ወዳጆች አልሆኑም።

በማግስቱ ማናጀር አንድ ደብዳቤ ከፎቅ ሆኖ እንዲታተም አዘዘና ሊወስደው ወረደ። የታዘዘው የቅልቅል ወረቀት ቀድሞት ስለነበር፣ ከባልዲዎቹ መሀል ቆሞ ተራውን ጠበቀ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሯል። የማያውቀው አንድ ቀለም ቀቢ ከሱቁ ሠራተኞች አንዱ መስሎት፣ «ወንድም፣ ያቺን ማማሰያ እስቲ አቀብለኝ» አለው።

ማናጀር ማንነቱን ትነግርለት እንደሆነ እህቱን አየ። እሷ አንገቷን ደፍታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ነጩ ላይ ጥቁር ታንጠባጥባለች። ቀለም ቀቢው እጁን እንደዘረጋ ነው።

ማናጀር ጎንበስ ብሎ ማማሰያዋን በሁለት ጣቱ አነሳና አቀበለው።