ዴልማና ሁለቱ ዘንጎች

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሉዊዛ የዴልማን ግራ ክንድ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ከቆዳው ሥር የተቀበሩትን ሁለቱን ቀጫጭን ዘንጎች አገኘቻቸው። በቦታቸው ናቸው። የዴልማ ባል ሲዊ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይውጣላት» አለ። «ሦስት ሰዓት በእግር የመጣነው ለዚህ ነው።»

ዴልማ የወሊድ መከላከያውን ያስቀበረችው ከሰባት ወር በፊት፣ ለማንም ሳትናገር ነበር። ትናንት ስኳር ድንች ሲቆፍሩ ሲዊ ክንዷን ይዞ ከቦይ ሲያወጣት ጠጣር ነገር ነካ። ጠየቃት፤ አልዋሸችም። እናቱ ማማ ጎሉዋ ሲሰሙ መንደሩን አተራመሱት። ሃያ አሳማ ጥሎሽ የሰጠነው ለሦስት ልጅ ነው ወይ አሉ። ዘንጉ በደም ሥር ሄዶ ልብ ይወጋል ሲባል የሰሙትንም ጨመሩበት።

ሲስተር ሉዊዛ ዘንጉ ካለበት ተነስቶ ልብ ጋ እንደማይደርስ፣ ሲወጣም ዴልማ መልሳ መፀነስ እንደምትችል ለሲዊ አስረዳችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ዴልማ አዞረች።

«አንቺስ? ክንዱ ያንቺ ነው።»

ዴልማ ባሏን አየችው።

«የመጨረሻዋን ስወልድ በቃሬዛ ተሸክመህ ወደ ኩንዲያዋ ሆስፒታል ያወረድከኝ አንተ ነህ። ደሜ በሸራው አልፎ እግርህ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ወንዙ ጋ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ። ራሴን የሳትኩ መስሎህ ነበር።»

«አሁን እሱን ምን አነሳው?»

«እንደገና ብወልድ ወንዙ ጋ እንኳ በሕይወት አልደርስማ።»

የክፍሉ ግድግዳ ቀርከሃ ስለሆነ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ሲዊ ባርኔጣውን አውልቆ ሲያገላብጥ ቆየ።

«እናቴን ምን ልበላት?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ምንም አትበላቸው።»

እጅጌዋን አውርዳ ተነሳች።

በመጡበት መንገድ ተመልሰው ወደ መንደራቸው ተቃረቡ። ማማ ጎሉዋ መንደሩ መግቢያ ላይ ኦቾሎኒ በሸራ ዘርግተው ይሸጣሉ። ሲዊ ከሩቅ ሲያያቸው በማሳው መሀል ወደ ቤት የሚወስደውን አቋራጭ ያዘና እንድትከተለው ጠቀሳት። ዴልማ አልተከተለችውም። በዋናው መንገድ ሄዳ ከአማቷ ሸራ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች። አሮጊቷ ክንዷን አዩት፤ ፋሻ የለበትም።

«አላስወጣሁትም፣ እማማ» አለች። «ለምን እንደሆነ እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው የመጣሁት።»