ነቅዐ እሳት በዳዊት የተሰፈረችበት ዕለት

የሰው ልጅ ዐይኑ የለመደውን ሥርዓት ብሎ ያመሰግናል፣ ያልለመደውን ግን ሁከት ብሎ ይኰንናል፤ ስለዚህም ከፍጥረት መካከል ብዙዎቹ በራሳቸው ሕግ ጸንተው ሳሉ በእኛ ስንፍና ዐመፀኞች እየተባሉ ይኖራሉ። ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቃል እውነት መሆኑን በአንዲት ዕለት፣ በአንዲት ፍል ውሃ አፋፍ ላይ የተሰበሰቡ አምስት ነፍሳት መስክረዋልና፣ ከታሪኩ አስቀድሞ ስማቸውን በየተራ ማወቅ ይገባል። መጀመሪያው የቆላው አገር ገዥ ፊታውራሪ መርዕድ ነው፤ ቃሉ አጭር፣ ፍርዱ ፈጣን፣ ሐዘኑ ግን ረዥም የሆነ ሰው። ሁለተኛይቱ ወይዘሮ አመተ ጽዮን ናት፤ የባሕረ ሐሳብ መምህር ከነበረ አባቷ የቍጥርን ጥበብ የተማረች፣ በቤቷም ማሰሮ እንኳ ከስፍራው ውጭ የማይቀመጥ ጥንቁቅና ትዕግሥተኛ ሴት። ሦስተኛይቱ እናቷ እመት ዘነቡ ናት፤ ሰባት ዓመት ጉልበቷ ታስሮ ከአልጋ ሳትወርድ ኖራ፣ በዚህች ፍል ውሃ መታጠብ ከጀመረች ወዲህ በበትር ተደግፋ የምትራመድ። አራተኛው መሪጌታ ኀይለ ልዑል ነው፤ ድምፁ ጥዑም፣ ትምህርቱ ጥልቅ፣ ኵራቱም ከሁለቱ የማያንስ ሊቅ። አምስተኛው የአፋር ሽማግሌ ሑመድ ነው፤ ግመሎቹን ከፍል ውሃይቱ በሚወርደው ለብ ባለ ጅረት የሚያጠጣ፣ ከደገኞች ጋር በገበያ ኖሮ አማርኛን ከነቀልዱ የለመደ።

ነቅዐ እሳት የሚሏት ፍል ውሃ ከታላቁ ገደል ግርጌ፣ ነጭና ቢጫ ዝቃጭ እንደ ሰም በተደረበበት ድንጋይ መካከል ተቀምጣ፣ ለጊዜው እንደ ባሕታዊ ዝም ትላለች፤ ከዚያም በምድር ሆድ ውስጥ የከበሮ ድምፅ የመሰለ ጕርምርምታ ይሰማል፣ በአፏ ያለው ውሃ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወዲያውም ፍሉሕና ጽዱል የሆነ የውሃ ዐምድ ከረዥም ዝግባ በላይ ተነሥቶ፣ በጫፉ እንደ አበባ ተዘርግቶ፣ ቀስተ ደመናን ለብሶ ይቆማል፤ ያየውም ሰው ፈርቶ ይሁን ተደስቶ ለይቶ መናገር አይችልም። የአገሩ ሰው ይህን መነሣቷን «ንግግር» ይለዋል። ተናግራ ዝም ስትል በአፏ ዙሪያ ባለው ገንዳ የቀረው ውሃ ጥቂት ይበርዳል፤ ድውያንም በዚያን ጊዜ ወርደው ይታጠባሉ። ከአንድ ወር በፊት ግን የፊታውራሪ መርዕድ አጋፋሪ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገው ድልነሳው፣ በገንዳው ውስጥ ሳለ ሳይታሰብ ተነሥታ ገደለችው። ፊታውራሪውም «ሕግ የሌለው ነገር በግዛቴ አይኖርም» ብሎ፣ አፏ በድንጋይ እንዲደፈን፣ ዙሪያዋም በእሾህ እንዲታጠር አዘዘ። ወይዘሮ አመተ ጽዮን፣ ውሃይቱ በተደፈነች ማግስት እናቷ ወደ አልጋዋ እንደምትመለስ ታውቅ ነበርና፣ በችሎት ቆማ አንዲት ዕለት ለመነች፤ ፀሐይ ሳትገባ የውሃይቱን ሥርዓት በቍጥር ብታሳይ ውሃይቱ እንድትኖር፣ ባታሳይ ግን እንድትደፈን ተወሰነ።

በተቀጠረው ዕለት ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ከገንዳው በላይ ባለው ጠፍጣፋ ዐለት ላይ ተገኙ፤ ከኋላቸውም ድንጋይ የተሸከሙ የፊታውራሪው አሽከሮች ተሰለፉ። ጊዜን በእግር ጥላ መስፈር የአመተ ጽዮን አባት ልማድ ነበር፤ ዳሩ ግን የውሃይቱ እንፋሎት ፀሐይን በየጊዜው ይጋርዳት ስለነበረ ይህ መንገድ አልተቻለም። ስለዚህ እንደ ቤተ ክህነት ሰዎች ልማድ ጊዜው በዳዊት እንዲሰፈር ተስማሙ፤ መሪጌታው ከመጀመሪያው መዝሙር አንሥቶ በቃሉ ይደግማል፣ እርሷም አንድ መዝሙር በተፈጸመ ቍጥር አንድ ጠጠር በቅል ውስጥ ትጥላለች። ውሃይቱ ፀሐይ ስትወጣ ተናግራ ዝም አለች፤ መሪጌታውም ደገመ። በመጀመሪያው ዕረፍት አርባ ጠጠር፣ በሁለተኛው ሃያ ስምንት፣ በሦስተኛው ሠላሳ ሰባት ተቈጠረ። በአራተኛው ግን መሪጌታው እጅግ ወደሚወደው ወደ መቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር ደርሶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ በዜማ ሲያስረዝመው፣ ዜማው ባለቀበት ቅጽበት ውሃይቱ ተነሣች፤ በቅሉም ውስጥ የተገኘው ዐሥራ ሦስት ጠጠር ብቻ ነበር።

ሑመድ በበትሩ ላይ ተደግፎ «ቄሱ፣ ዜማህ ቢረዝምባት ጊዜ አስነጠሳት» አለ።

መሪጌታውም ሳይቈጣ «በዚህ መዝሙር የሚሰለች ፍጥረት የለም፤ ምናልባት ግመልህ ካልሆነች» ሲል መለሰ።

«ግመሌማ ከሃሌ ሉያው በፊት ተኝታለች።»

አምስተኛው ዕረፍት ሠላሳ ሁለት ጠጠር ሆኖ ዳዊት ሲፈጸም ቀትር ደረሰ። ፊታውራሪ መርዕድ አምስቱን ቍጥር በጣቶቹ ላይ ደግሞ «አርባ፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ሠላሳ ሁለት፤ ይህ የሰካራም እርምጃ ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም» አለ። አመተ ጽዮን አንገቷን ደፍታ ጠጠሮቹን ታያቸው ጀመር፤ ከዚህ ጥቂት ቢጨመር ከዚያም ጥቂት ቢቀነስ እኩል ለመምሰል ይበቁ ነበር፣ ቅሉንም ከእርሷ በቀር የተመለከተው ሰው አልነበረም። እናቷ እመት ዘነቡ ግን የልጇን ልብ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ታነብ ነበርና፣ ማንም ሳይሰማ «ልጄ፣ ስለ እኔ ጉልበት ብለሽ ጠጠር እንዳታዛውሪ፤ በሐሰት ከምቆም በእውነት ብተኛ ይሻለኛል» አለቻት። ያን ጊዜ አመተ ጽዮን ዐፍራ እጇን ከጠጠሮቹ አነሣች፤ እጇን ባነሣች ጊዜም ዐይኗ ከጠጠሮቹ ወደ መስፈሪያው ተሻገረ። ከመዝሙራት አንዱ ሁለት ቍጥር ብቻ፣ አንዱ ደግሞ መቶ ሰባ ስድስት ቍጥር እንዳለው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን እርሷም መሪጌታውም ለዳዊት ካላቸው ክብር የተነሣ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተው፣ ቍናንና ዕፍኝን እኩል አድርገው ቈጥረው ነበር። ይህ ስሕተት ዳዊትን የማያውቅ ሰው ፈጽሞ የማይሠራው፣ የሊቃውንት ብቻ የሆነ ስሕተት ነው።

«የኔታ» አለች፣ «ከእንግዲህ አቡነ ዘበሰማያትን ብቻ እንድገም፤ መጠኑ አይለወጥም፤ እኔም በመቍጠርያ እይዘዋለሁ።»

«ልጄ፣ የጌታን ጸሎት እንደ ጤፍ ልትሰፍሪበት ነውን?»

«ጠዋት ዳዊትን ሰፍረንበታል፣ የኔታ። ኃጢአት ከሆነ ከረዥሙ አጭሩ ይሻለናል።»

መሪጌታው ፈገግታውን በጢሙ ውስጥ ሸሽጎ ሸማውን አስተካከለና ጀመረ። አመተ ጽዮንም አርባ አንድ ፍሬ ያለውን መቍጠርያ ይዛ፣ በዐለቱ ላይ ሁለት ረድፍ ጠጠር ደረደረች፤ በላይኛው ረድፍ ውሃይቱ ስትናገር የተደገመውን ጸሎት፣ በታችኛው ደግሞ ስታርፍ የተፈጸመውን የመቍጠርያ ዙር አኖረች። የላይኛውን ረድፍ ማንም አላዘዛትም፤ የሚታይ ነገር ሳይጻፍ ሲቀር ልቧ ስለሚታወክ ብቻ አኖረችው። ከቀትር በኋላ የመጀመሪያው ንግግር አራት ጸሎት ብቻ ቆየ፣ ዕረፍቱም ሦስት ዙር ሆነ፤ ቀጥሎ ዐሥር ጸሎት ተናግራ አምስት ዙር፣ እንደገናም ዐሥራ አንድ ጸሎት ተናግራ አምስት ዙር ዐረፈች። በአራተኛው ጊዜ ውሃይቱ ከፍ ብላና አምራ ተነሣች፤ ነገር ግን ከአራት ጸሎት ሳታልፍ ፈጥና ወደቀች። ፊታውራሪውም ፀሐይን አየና «ሦስት፣ አምስት፣ አምስት፤ አሁንም እንደ ኋለኞቹ አምስት ታርፋለች። እንግዲህ ይበቃል፤ አሁን ተናግራለችና ግቡ፣ ሳትነሣ አፏን ሙሉት» ሲል አሽከሮቹን አዘዘ። ስምንት ሰዎችም የገንዳው ውሃ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ድንጋይ ተሸክመው ወረዱ።

ሁለት ዙር ተፈጽሞ ሦስተኛው በተጀመረ ጊዜ መሪጌታው ጸሎቱን ሳያቋርጥ፣ ውሃይቱ ልትደፈን ነውና ሑመድ ግመሎቹን ከጅረቱ እንዲያርቅ በእጁ አመለከተው። ሑመድም በመከፋት «እነዚህ ዛሬ ቀምሰው ብቻ የሄዱ ናቸው፤ ቀምሶ የሄደ ግመል ወዲያው ይመለሳል፣ ጠግቦ የሄደ ነው ቀን ቆጥሮ የሚመጣ። ውሃውን ከደፈናችሁት ለተመለሰው ምን ልበለው?» አለ። አመተ ጽዮን ይህን ስትሰማ ወደ ሁለቱ ረድፍ ጠጠር ተመለከተች፤ አራት ከሦስት በላይ፣ ዐሥር ከአምስት በላይ፣ ዐሥራ አንድም ከአምስት በላይ ቆመው ነበር። ብዙ የተናገረች ረዥም ታርፋለች፤ ጥቂት የተናገረች ፈጥና ትመለሳለች። አሁን የተናገረችው አራት ነበር፤ በእጇም ያለው የሦስተኛው ዙር ዐሥራ ዘጠነኛ ፍሬ ነበር።

ተነሥታ «ጌታዬ፣ ሰዎችዎን ያውጧቸው» አለች፤ «ይህ ዙር ሳያልቅ ትነሣለች።»

ፊታውራሪው «ለእናትሽ ብለሽ ጊዜ ትገዣለሽ» አላት።

«መቍጠርያው ተፈጽሞ ካልተነሣች የመጀመሪያውን ድንጋይ በእጄ እጥላለሁ። እናቴ ትስማኝ።»

እመት ዘነቡ «ሰምቻለሁ» አለች።

ፊታውራሪው እጁን አነሣ፣ ሰዎቹም ድንጋያቸውን ጥለው፣ አንዳንዶቹም «በሴት ቍጥር ወጣን» እያሉ እየተሳሳቁ፣ ወደ ዐለቱ ወጡ። መሪጌታው ብቻውን ደገመ። በሠላሳ አራተኛው ፍሬ ምድር አጕረመረመች። በሠላሳ ስድስተኛው በገንዳው ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ አለ። በሠላሳ ዘጠነኛው ነቅዐ እሳት ተነሣች፤ ከታች የተጣሉትንም ድንጋዮች እንደ ገለባ በትና፣ ስምንቱ ሰዎች ቆመውበት የነበረውን ስፍራ በፈላ ውሃ ሸፈነች፤ የምሽቷ ፀሐይም በዐምዱ ውስጥ ዐልፋ ወርቅ አስመሰለችው። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከንጉሡ በቀር ለማንም አደግድጎ የማያውቀው ፊታውራሪ መርዕድ ሸማውን አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገ፤ ውሃይቱም እስክትወርድ ድረስ እንዲሁ ቆመ። በኋላም ወደ ማንም ሳይመለከት «ድልነሳውን ‹አሁን ተናግራለችና ግባ› ያልሁት እኔ ነኝ» አለ። «በዚያን ቀን የተናገረችው ጥቂት ነበር። ጥቂት መሆኑን ዐይቻለሁ፤ አልቈጠርሁትም እንጂ። ዛሬም ያንኑ ቃል ለስምንት ሰው ደገምሁት።» መሪጌታውም ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም ከሕፃንነቴ የያዝሁትን ዳዊት ዛሬ መስፈሪያ ሳደርገው ርዝመቱን ረሳሁ፤ እንግዲህ ማን ማንን ይከስሳል?» አለው። ፀሐይ ሳትገባ አምስቱም በአንድ ቃል የተቀበሉት ውሳኔ ይህ ሆነ፤ ነቅዐ እሳት አትደፈንም፣ አትታጠርምም፤ ነገር ግን በዐለቱ ላይ መቍጠርያ የያዘ ጠባቂ፣ አንድ ቀን አመተ ጽዮን አንድ ቀን መሪጌታው፣ ሳይቀመጥ ማንም ወደ ገንዳው አይወርድም፤ ብዙ በተናገረች ጊዜ ድውያን እስከ አራት ዙር፣ ጥቂት በተናገረች ጊዜ እስከ ሁለት ዙር ይታጠባሉ፣ ከዚያም የድንጋይ ደወል ሲመታ ይወጣሉ፤ የሑመድ ግመሎችም እንደ ጥንቱ በጅረቱ ይጠጣሉ፤ ከገንዳውም በላይ ለድልነሳው መታሰቢያ አንድ ድንጋይ ይቆማል፤ ፊታውራሪው በድንጋዩ ላይ ያስቀረጸው ቃልም ይህ ነው፦ ፍጥረትን ሥርዓት የላትም ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ ሰው በእጁ የያዘውን መስፈሪያ ይመርምር።