የሸዋዬ እናት ፍትሐት

እንዳልካቸው በሕይወት ያለችን እናት ገደለ። ያውም ቤተክርስቲያን ውስጥ፣ ያውም በግዕዝ፣ ያውም ልጇ ከፊቱ ቆማ «አሜን» እያለች። በቃ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ቀድሞ ካልወጣ ደግሞ ያንቃል። አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስ።

እንዳልካቸው ማለት አቡዳቢ፣ አል ካራማ ሰፈር የሚኖር፣ አባቱ አውሮፕላን የሚጠግን፣ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ዲያቆን ነው። ቁመናው... ቁመናውን እንተወው፣ ወሬው የቤተክርስቲያን ነው። የነገረ መለኮት ተማሪ ነው፤ ኮሌጁ አዲስ አበባ፣ እሱ አቡዳቢ፣ ትምህርቱ በኢንተርኔት። እዚህ ያደጉት ሌሎቹ ልጆች በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ዳዊት ይደግማል። እናቶች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ራሱ ይለሰልሳል። ገና ሳይቀስስ «የኛ ቄስ» ይሉታል። እሱም ደስ ይለዋል፤ ደስ እንደሚለው ደግሞ ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል።

ዘንድሮ የአገልግሎት ልምምድ ዓመቱ ነው። ቀሲስ ሙላው፣ እዚህ የሚያገለግሉት ካህን ናቸው፣ ዓመቱን ሙሉ አብረውት ሆነው ካዩት በኋላ «ይሄ ልጅ ለክህነት ይሆናል» ብለው ለኮሌጁ ይመሰክሩለታል። ካልመሰከሩለት ዓመቱን ይደግማል። ስለዚህ ቀሲስ የሄዱበት ሁሉ ይሄዳል። በወር አንድ አርብ አልዓይን ይወርዳሉ፤ እዚያ ያሉት እህቶች አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ስለሆኑ አቡዳቢ ድረስ መምጣት አይሆንላቸውም። ማዳም «ለሁለት ሰዓት» ብላ የፈቀደችላት ነጠላዋን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ በታክሲ ትመጣለች። የሚቀድሱበትን የቤተክርስቲያን አዳራሽ ከሕንዶችና ከፊሊፒኖች ጋር በተራ ነው የሚጠቀሙበት፤ እነሱ ሲወጡ የኛዎቹ ይገባሉ።

የእንዳልካቸው ሥራ ስም መሰብሰብ ነበር። ሴቶቹ የሰዎቻቸውን ክርስትና ስም በዋትሳፕ ይልኩለታል። የታመመ ሰው ስም ለሕሙማን ጸሎት፣ ያረፈ ሰው ስም ደግሞ ለፍትሐት። እሱ ስልኩ ላይ ለየብቻ ያደርጋቸዋል። ይኸው ነው፣ ሌላ ከባድ ነገር የለውም። ቀላል ስለሆነ ነው እኮ ለሱ የተሰጠው።

ሸዋዬ የምትባል የላስታ ልጅ አለች፤ አልዓይን ውስጥ መንታ ሕፃናት የምታሳድግ። ማክሰኞ ዕለት በድምፅ ላከችለት፤ እናቷን ለሕሙማን ጸሎት እንዲያስጠራላት፣ ክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት እንደሆነ፣ ደሟ ከፍ ብሎባት ገጠር እንደተኛች። እንዳልካቸው በዚያ ሰዓት በአንድ ጆሮው የፈተናውን ትምህርት እየሰማ ነበር። ትምህርቱ ስለ ትንሣኤ ሙታን ነው። መምህሩ ሙታን፣ ሙታን፣ ሙታን ይላሉ፤ የሱ ጣት ደግሞ መምህሩን ሰምታ ወለተ ሰንበትን ወስዳ ሙታን መሃል አስተኛቻት። እንዳይረሳም ከጎኗ «የሸዋዬ እናት» ብሎ ጨመረበት።

አርብ ቅዳሴው አለቀ፣ ፍትሐት ተጀመረ። ቀሲስ ስሞቹን እንዲያነብ ለሱ ሰጡት፤ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ድምፁን ሞረደ። «ነፍሰ ገብርከ» እያለ፣ «ነፍሰ አመትከ» እያለ፣ አምሮበት ወረደው። ከዚያ ያቺ ላይ ደረሰና ሳያስተውል የጻፈውን ሁሉ አነበበው፦ «ነፍሰ አመትከ ወለተ ሰንበት፣ የሸዋዬ እናት።»

ሸዋዬ ከአፏ ላይ «አሜን» እንኳን አላለቀላትም። መሬት ላይ ወደቀች።

እንግዲህ እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለስደተኛ ሞት በስልክ አይነገርም። ቤተሰብ ይደብቃል፤ «ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ ቤተክርስቲያን ሄዳለች» ይላል፤ ለካህን ወይ ለቅርብ ጓደኛ ደውሎ «በዘዴ ንገሩልን» ይላል። አዳራሹ ሙሉ ሴት ያንን ነው ያሰበችው። አንድም ሰው ልጁ ተሳስቶ ይሆናል አላለም። ዲያቆን ይሳሳታል እንዴ? በሰከንድ ውስጥ ሁሉም ደረቷን መምታት ጀመረች። የሸዋዬን እናት አንድም ቀን አይታት የማታውቅ ሁሉ «ወይ እናትዬ» እያለች ስታነባ፣ እንዳልካቸው ስልኩን ከፍቶ የራሱን ሥራ አየው። አልዓይን በዚያ ሙቀት፣ እሱ በረዶ።

ያኔ አፉን ቢከፍት ኖሮ በቃ፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልከፈተም። ቀሲስ ሙላው ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ከቤተሰቧ ደውለውልህ ነው?» አሉት። እንዳልካቸው አንገቱን ደፋ። ከሀፍረት ነው የደፋው፣ ሌላ ነገር ለማለት አይደለም። ቀሲስ ግን «አዎ» ማለቱ ነው ብለው ተረዱት፤ እሱም እንደተረዱት አወቀ፤ አውቆም ቀና አላለም።

እትዬ ዓለምጸሐይ፣ አቡዳቢ ኸሊፋ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ወጥ ቤት የሚሠሩት የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ግንባሩን ስመው ይሄን የሚያህል ሸክም ብቻውን ተሸክሞ መምጣቱን አደነቁ። ወደ አቡዳቢ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ቀሲስ ቀስ አድርገው መከሩት። መርዶ እንደዚያ በጸሎት መሃል አይጣልም፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ሰው ከቦ፣ አስቀምጦ ነው፤ ግን ልምድ ነው፣ ይማራል አሉት። እሱ «እሺ አባ» እያለ በመስኮት የሚያልፈውን አሸዋ ያያል። የተመከረው ላልሠራው ስህተት ነው፤ የሠራው ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል።

ሳምንቱን ሙሉ ለሸዋዬ መልእክት ይጽፋል፣ ያጠፋል። «እህቴ ሸዋዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ» ይልና እዚያው ላይ ይቆማል። ደውሎም ነበር፤ ሁለቴ ጠርቶ ሳታነሳ ራሱ ዘጋው፤ ባለማንሳቷም ደስ አለው፤ ደስ ስላለው ደግሞ ራሱን ጠላ። ፈተናውን ያለፈበት ውጤት በዚያው ሳምንት መጣ። ትንሣኤ ሙታን ላይ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። አባቱ ኬክ ገዛ። እንዳልካቸው ኬኩን ሲቆርስ ማልቀስ አማረው።

ወሬው ደግሞ ከአልዓይን ይመጣል። ሸዋዬ ፀጉሯን ተላጨች። ወልድያ ያለው ወንድሟ አቡሽ በቦቲም፣ በኢንተርኔት መደወያው፣ ደውሎ እናታቸው ደህና እንደሆነች፣ ገጠር ስለሆነች ኔትወርክ እንደሌለ፣ መንገዱም እንደተዘጋ ነገራት። «እስቲ ድምጿን አሰማኝ» አለችው። ከየት አምጥቶ ያሰማት? በቃ፣ እሷ ሞቷን ያረጋገጠችው ያኔ ነው። «ደህና ናት» የሚባለው የሞተ ሲኖር አይደል እንዴ? ወዲያው ማዳሟን «ኸላስ፣ በቃ፣ አገሬ መሄዴ ነው» አለቻት። ማዳም አብራት አለቀሰችና ፓስፖርቷን ሰጠቻት። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ይሰረዛል። መንትዮቹ ሌላ ሞግዚት እየተፈለገላቸው ነው። በረራው ቅዳሜ። ሸዋዬ እናቷን ልታሳክም ከአገሯ ወጥታ፣ በእንዳልካቸው ጣት ምክንያት ሥራዋን ጥላ፣ ያልሞተች እናቷን ልትቀብር ልትሄድ ነው።

አርብ ጠዋት የአቡዳቢዎቹ ሴቶች ሚኒባስ ተኮናትረው ለለቅሶ ወደ አልዓይን ወረዱ። እንዳልካቸው ከቀሲስ አጠገብ ተቀምጧል፤ የማጽናኛ ቃል የሚሰጠው እሱ ነው ተብሏል። እትዬ ዓለምጸሐይ ከኋላ ሆነው አንደኛ መውጣቱን ለማያውቀው ሁሉ ይናገራሉ። አንዷ «እንግዲህ እኛም ስንሞት እሱ ነው የሚፈታን» አለች፤ ሳቁ። እሱ ውሃ ጠየቀ።

አዳራሹ ውስጥ ሸዋዬ ጥቁር ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ሸርተት ብሎ የተላጨው ራሷ ይታያል። ትንሽ ልጅ መስላለች። እንዳልካቸው ቆመ፣ የተዘጋጀበትን ጀመረ። ስለ ትንሣኤ፣ ስለ ተስፋ፣ ያቺን አንደኛ ያወጣችውን ትምህርት ሁሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳን ሳይሄድ ሸዋዬ ቀና አለች።

«ዲያቆን» አለችው፤ «ስብከቱን ተወው፣ እሱንስ አምናለሁ። እናቴ ያረፈችበትን ቀን ብቻ ንገረኝ። አርባዋን ከየት ልቁጠር?»

ቀን። ሁሉንም ነገር አስቦ መጥቶ ነበር፤ ቀን ትጠይቀኛለች አላለም። አንድ ቀን ቢጠራ ያምኑታል። ሰኞ ቢል ሰኞ ይሆናል፤ ማክሰኞ ቢል ማክሰኞ። እሱ በሰጣት ቀን ተነስታ እናቷ ሳትሞት አርባዋን ታወጣለች።

«አልሞተችም» አለ።

ከዚያ እትዬ ዓለምጸሐይ ተነፈሱ። «ውይ፣ ሆዱ ቡቡ ነው እኮ። አላስችል ብሎት ነው።» አንዷ ከጥግ «አሁን ገና መደበቅ ጀመረ፣ ከተነገረ በኋላ» አለች። ሸዋዬም በሐዘኔታ አየችው፤ እሷ እሱን!

ተንተባተበ። ስሙን ያለቦታው እንዳስገባ፣ የላከችው ለሕሙማን እንደነበር ነገራቸው። ስልኩን አውጥቶ የራሷን ድምፅ ከፈተላት። ድምጿ «ደሟ ከፍ ብሎባት ነው፣ አደራህን» ሲል አዳራሹ ሰማ። ሸዋዬ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄማ ማክሰኞ ነው። ሞት ረቡዕ አይሠራም ያለህ ማነው?»

እዚህ ላይ ነው ቀሲስ ሙላው ቀስ ብለው የተነሱት። «አንተ ልጅ፣ ከቤተሰቧ ደውለውልህ ነው ወይ ብዬ ጠይቄህ አዎ አላልከኝም?»

«አላልኩም አባ። አንገቴን ነው የደፋሁት።»

«አንገት መድፋቱ ታዲያ ምንድነው?»

«ውሸት ነው» አለ እንዳልካቸው። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ማንም አልደወለልኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ። አፍሬ ነው።»

አሁን አዳራሹ አመነው። እንዳመነው የታወቀው ማንም ሰው ዓይኑን ስላላየው ነው። እትዬ ዓለምጸሐይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ግንባሩን የሳሙበትን አፍ እየጠረጉ መሰለው። ከሁሉም ያቺ ከጥግ የቀለደችው ሴት ዝም ማለቷ ነው የባሰበት።

ሸዋዬ ብቻ አላመነችም። ማመን ፈልጋለች፣ ትንፋሿ ያስታውቃል፤ ግን ፈራች። ተነስታ ቀሲስ እጅ ላይ ያለውን መስቀል አሳየችው። «ይሄን ይዘህ ማልልኝ። እናቴ አለች ብለህ ማል። ካልማልክ ነገ እሄዳለሁ።»

እንዳልካቸው መሐላ ክልክል መሆኑን ያውቃል፤ ለሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ያስተማረው ራሱ ነው። ግን ችግሩ እሱ ብቻ አልነበረም። የሚያውቀው መሳሳቱን ነው። እናትየው ታማለች፣ ገጠር ናት፣ ስልክ የለም፤ ዛሬ ጠዋት በሕይወት መኖሯን እሱ ከየት ያውቃል?

«ማንም ሞታለች አላለኝም፣ በዚህ እምላለሁ» አላት።

«እሱን አልጠየቅኩህም። አለች በል።»

ወደ ቀሲስ ዞረ። ቀሲስ መስቀሉን አልሰጡትም፣ አልከለከሉትምም፤ ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ነው። ሸዋዬ የተላጨ ራሷን ይዛ ቆማለች።

መስቀሉን ያዘ። «አለች» አለ።

ሸዋዬ እጁን ይዛ ሳመችው። የበደላትን እጅ! ሳትጠላው፣ ሳትሰድበው፣ እንባዋን እጁ ላይ ትታ ሄደች፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ማዳሟ ጋ ደወለች፣ በረራው ቀረ፣ መንትዮቹ ሞግዚታቸውን አገኙ። ቀሲስ ሙላው መኪና ውስጥ ዘንድሮ እንደማይመሰክሩለት ነገሩት። ስም ማሳሳት የሰው ነው አሉ፤ አንገት ደፍቶ መዋሸት ግን ካህን ላይ ያድጋል። ስለ መሐላው አንድ ቃል አልተናገሩም። እሱም አልጠየቀም።

አሁን አገልግሎት አቁሟል። ቅዳሴ ላይ ከኋላ፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ይቆማል። እናቶች ሲያልፉ «ደህና ነህ» ይሉታል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው አይለሰልስም። ሴቶቹ አሁንም በሁለት ተከፍለው ይጨቃጨቃሉ። ግማሾቹ ነፍስ አዳነ ይላሉ፤ ግማሾቹ የማያውቀውን በመስቀል ማለ ይላሉ። የላስታ መንገድ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። አቡሽ በደወለ ቁጥር ሸዋዬ ለእንዳልካቸው «ደህና ናት አለኝ፣ አሁንማ አምነዋለሁ፣ አንተ ምለህልኛል» ብላ ትልክለታለች። እሱ ያነበዋል፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም፣ ስልኩን ይገለብጠዋል።

እናንተ ብትሆኑስ? ያንን መስቀል ይዛችሁ «አለች» ትሉ ነበር ወይስ ትሂድ ብላችሁ ትተዋት ነበር?