መቶ ሚሊዮን ዶላር ለሽማግሌ

ዶን ቴሎ ፔጌሮ ወደ ቺቺ ፀጉር ቤት የሚመጡት ፀጉር ለመቆረጥ አይደለም። ራሳቸው ላይ የቀረው ፀጉር ቢሰበሰብ እፍኝ አይሞላም። የሚመጡት ለመከራከር ነው፤ በዚያ የገና ሰሞን ደግሞ መከራከሪያው ሞልቶ ተርፎ ነበር። የከተማቸው የሳን ፔድሮ ልጅ፣ የቤዝቦል ኮከቡ አማውሪ ሊንቨር፣ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ከአንድ የአሜሪካ ቡድን የአራት ዓመት ውል ቀርቦለታል። መቶ ሚሊዮን ዶላር! ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ወሬ የለውም።

«ለሽማግሌ!» አሉ ዶን ቴሎ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ። «ውሉ ሲያልቅ አርባ አንድ ሊሞላው ነው። ያን ጊዜ ማን ሊሮጥለት ነው? እኔ?»

«እርስዎ ሳይሻሉ ይቀራሉ ብለው ነው?» አለ ቺቺ ምላጩን እየጠረገ።

«አትቀልድ። ውል ማለት ለነገ ነው። ትናንት ለበላሁት ዓሣ ዛሬ ድጋሚ ክፈል የሚለኝ ሰው አለ?»

«የበሉትማ እነሱ ናቸው! ልጁ በሃያ ሁለት ዓመቱ ኳስ በዱላ እየመታ ከስታዲየም ውጭ ሲጥል ስንት ነበር የሚከፍሉት? ፍርፋሪ! ስታዲየሙ በእሱ ስም ሲሞላ፣ ካናቴራው በእሱ ስም ሲቸበቸብ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በርካሽ አጫወቱት። ይሄ አሁን የሚሰጡት ዘግይቶ የመጣ ደመወዝ ነው፣ ዶን ቴሎ።»

«እንግዲያው ያኔ ይክፈሉት ነበራ! ለድሮው ብለው ዛሬ ሲከፍሉት ቦታ የሚያጣው ሌላ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ሰው ሲያረጅ ቦታውን ይለቃል። አለቀ።»

ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። ቺቺም አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዶን ቴሎ ክርክሩን ረታሁ ብለው እያፏጩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዶን ቴሎ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስኳር ፋብሪካው አጠገብ ባለው ሜዳ የእሑድን የቤዝቦል ጨዋታ ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኝተዋል። ክፍያቸው አንድ ሳህን ሩዝ በባቄላና በዶሮ፣ ከዚያም አንድ ቀዝቃዛ ቢራ ነው። ሌላ ነገር ጠይቀው አያውቁም። ግን ከኳስ ያዡ ጀርባ ካለችው ከዚያች አንድ እርምጃ መሬት ማንም እንዲያነሳቸው አይፈልጉም።

ችግሩ ዓይናቸው ነው። ሞራ ከጀመረው ሁለት ዓመት አልፎታል። ከወርዋሪው እጅ የምትነሳው ኳስ መንገድ ላይ ትጠፋባቸዋለች። ከሐኪሙ በቀር ይህን የሚያውቁት እሳቸውና ሚስታቸው ዶኛ ኩካ ብቻ ናቸው፤ ቢያንስ ዶን ቴሎ የሚያምኑት እንዲያ ነው። ለመፍረድ ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚቀበለው ያዡ ፒንዱ፣ የጭነት መኪና መካኒክ ነው፣ አንድ ልማድ አለበት። ኳሷ በልክ፣ በመቺው ደረትና ጉልበት መካከል፣ ስትመጣ ጓንቱን በያዘበት ቦታ ቀጥ አድርጎ ያቆየዋል። ሳትገባ ስትቀር ወደ መሬት ዝቅ ያደርገዋል። ትልቁ ጓንት አፍንጫቸው ሥር ስለሆነ ይታያቸዋል። ይህን ልማድ ያወቅሁበት እኔ ብቻ ነኝ ብለው በልባቸው ይኮሩ ነበር።

ያን ቀን የፀጉር ቤቱን ክርክር ሲያወሩላቸው ዶኛ ኩካ ከድስቱ ላይ ቀና እንኳ አላሉም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አሉ። «ሐኪሙ እኮ በግማሽ ሰዓት ይገፈፋል ብሎሃል።»

«ዓይኔን አሽጌ ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ከተማው ያውቃል። ከተማው ካወቀ ሜዳዬ ሄደ።»

«ታዲያ ዕውር ዳኛ ሆነህ ሙት» አሉና ሩዙን አወጡላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት አማውሪ ራሱ መጣ። የገና ጓቫቤሪ መጠጥ በእጁ ይዟል፤ በሩን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በዘጠኝ ዓመቱ ዱላ አያያዝ ያስተማሩት ዶን ቴሎ ናቸው። እንደ ልጅነቱ ጎንበስ ብሎ ቡራኬ ጠየቀ።

«እግዜር ይባርክህ። ተቀመጥ።»

«ቺቺ ጋ ሽማግሌ ብለውኛል አሉ።»

ዶን ቴሎ ጓቫቤሪውን ተቀበሉት። «ማን ነገረህ?»

«ማን ያልነገረኝ አለ ይበሉኝ!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ዶን ቴሎ፣ ወኪሌ ፈርም ይለኛል፤ ድርሻ አለው። ሚስቴ ደስ ያለህን አድርግ ትለኛለች፤ ቤትህ ግባ ማለቷ ነው። ጓደኞቼማ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላህ ትመታለህ ይሉኛል። እኔ ገንዘብ አላጣሁም። የምፈራው ሌላ ነው። ሳልችል ገንዘባቸውን እየበላሁ አራት ዓመት ሊያዝኑልኝ ነው? እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ሸንግለውኝ አያውቁም። ነገ ሜዳ እወርዳለሁ። ከጀርባዬ ሆነው ይዩኝ። ይገባሃል ካሉኝ ሰኞ እፈርማለሁ። አይገባህም ካሉኝ በቃ፣ ተውኩት።»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረባቸው። ዓይኔ አያይም ልጄ፣ የሚል ቃል ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። ከኋላ የድስት ክዳን ሲጋጭ ሰሙ፤ ዶኛ ኩካ ጆሯቸውን ጥለው ነበር።

«ነገ እንዳትዘገይ» አሉት። ከዚያ በራሳቸው አፈሩ፤ ጓቫቤሪውንም ሳይቀምሱት አስቀመጡት።

እሑድ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሜዳው አጥር አልበቃ ብሎ ሰው የሸንኮራ ጫኝ መኪና ላይ ተሰቀለ። አማውሪ ለመምታት ሲቆም ጭብጨባው ፋብሪካው ድረስ ተሰማ። ዶን ቴሎ የፊት መከላከያቸውን አጥልቀው ከፒንዱ ጀርባ ጎንበስ አሉ።

የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች። ጓንቱ ቀጥ አለ። «ስትራይክ!» አሉ። ሁለተኛዋም ቀጥ። «ስትራይክ!» ስትራይክ ማለት በልክ መጥታ ያልተመታች ኳስ ናት፤ ሦስት ከሞሉ መቺው ይወጣል። ወርዋሪው ተጠማዘዘና ለቀቃት፤ ከዚያ በኋላ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ጓ! የሚል የጓንት ድምፅ ሰሙ። ጓንቱ ከያዘበት አልተነቃነቀም።

«ስትራይክ! ውጣ!»

አማውሪ አንድ ጊዜ መሬቱን አየ። ዱላውን ብብቱ ውስጥ ከተተና ሳይናገር መውጣት ጀመረ።

ሜዳው ጸጥ አለ።

ይህ ሜዳ ጸጥ የሚል ሜዳ አይደለም። በዚህ ሜዳ ዶን ቴሎ የብርቱካን ልጣጭ ተወርውሮባቸዋል። ቂጣ ጠባሿ ሴትዮ ከነጭልፋዋ አሳድዳቸዋለች። አንድ ጊዜ ቄሱ ራሳቸው የቅዳሴ ልብሳቸውን ሳያወልቁ «ሌባ!» ብለዋቸዋል። በሳን ፔድሮ ያልተሰደበ ዳኛ፣ ዳኛ አይባልም። ዛሬ ግን የከተማው ኮከብ ዱላ ሳያነሳ ወጥቶ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ዶን ቴሎ ቆመው አሰቡ። ለመጨረሻ ጊዜ የተሰደብኩት መቼ ነው? አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዱ፤ አላገኙም። ሌላ ዓመት ጨመሩ፤ አላገኙም።

«ፒንዱ» አሉ ቀስ ብለው። «የት ነበረች?»

«እንዳሉት ነው፣ ዶን ቴሎ። መሃል ለመሃል።»

«በእናትህ ነፍስ ማል።»

ፒንዱ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ። እናቱ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። «ቁርጭምጭሚቱ ጋ ነበረች» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጓንቱን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። አማውሪ አጠገቤ ሲቆም ደነገጥኩና ረሳሁት።»

«ረሳሁት? እያወቅህ ነበር የምታደርገው?»

«ሁሉም ያውቃል፣ ዶን ቴሎ። ተነጋግረንበት ነው። ሁለት ዓመቱ።»

በሳን ፔድሮ ምስጢር ሁለት ሰዓት ቆይቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ዓመት አፉን ይዞ ኖሯል! ዶን ቴሎ መከላከያውን ከፊታቸው ነቅለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ዓይኔ ደህና ሳለ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዕውር ስትሉኝ ኖራችሁ!» ብለው ጮኹ። «ዛሬ እውነት ስታወር ዕውር የሚለኝ አንድ ሰው ይጥፋ?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ቺቺ ከአግዳሚው ወንበር ተነስቶ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሳህን ሩዝ ዳኝተውናል። ሰው ሲያረጅ ቦታውን ይለቃል እንበልዎት? እኔስ ባለፈው ያን ሁሉ የተከራከርኩት ለአማውሪ ብቻ መሰለዎት?»

ዶን ቴሎ ተናደዱ፣ አፈሩም፤ ከሁለቱ ሥር ግን ደረታቸውን የሚያሞቅ ነገር ነበር። ለካ ይህን ያህል ይወዱኛል አሉ በልባቸው። መከላከያውን ለቺቺ ሰጡት።

«ያዝ። ያቺ ኳስ አትቆጠርም። ማክሰኞ ዓይን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። እስክመለስ አንተ ዳኝ፤ የምላጩን ያህል ከቻልክበት።»

አማውሪ መጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «ስለዚህ አላዩኝም» አለ።

«አላየሁህም። ትናንት ልነግርህ ይገባ ነበር፤ አፈርኩ። አንተስ ኳሷ የት እንዳለፈች እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«እርስዎን እንዴት አድርጌ…»

«አየህ? የዛሬ አሥር ዓመት ቢሆን አፍንጫዬ ሥር መጥተህ ትጮኽብኝ ነበር። ያኔ ዓይኔን ታምነው ነበራ። ሰው የሚጣላው ገና ብዙ ከሚጠብቅበት ሰው ጋር ነው። ሂድ ምታ። እኔ ከእንግዲህ ተመልካች ነኝ።»

ሄደው ከዶኛ ኩካ ጎን ተቀመጡ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታን ተቀምጠው ሊያዩ ነው፤ ማየት ከተባለ። ዶኛ ኩካ እጃቸውን ያዙላቸው።

ወርዋሪው ለቀቃት። አማውሪ ባለ በሌለ ኃይሉ አወናጨፈ። ዶን ቴሎ አላዩም፤ ሰሙ እንጂ። የዱላውን ፉጨት ሰሙ፣ ከኋላው ደግሞ የጓንቱን ጓ! ስቷታል፤ መሳትም ስትራይክ ነውና ሦስተኛው ሞላ፣ ወጥቷል። ፉጨቱን ግን ያውቁታል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከዚሁ ሜዳ ሲሰሙት የነበረው ያው ስል ፉጨት ነው። ጉልበቱ አልሄደም። ሰውየው ነው የቸኮለው።

ሜዳው እንደገና ጸጥ አለ። በኮከቡ ፊት ሰው ሁሉ ጨዋ ሆኖ አንገቱን ደፋ። አንዱም «አይዞህ አማውሪ» አለ፣ ለስለስ አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

ዶን ቴሎ ብድግ አሉ።

«አንተ ሽማግሌ!» ድምፃቸው ከፋብሪካው ግንብ ተጋጭቶ ተመለሰ። «መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚሰጡህ ነፋስ እንድትገርፍበት ነው? እናቴ በመጥረጊያ ከዚህ ትሻል ነበር! ምን አስቸኮለህ? ባቡር ያመልጥሃል?»

ሕዝቡ ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ቂጣ ጠባሿ ጭልፋዋን አነሳች። «ዱላህ ቀዳዳ አለበት!» ብላ ለቀቀችበት። መኪናው ላይ የተሰቀሉት ተቀበሏት፣ ቺቺ ዳኝነቱን ረስቶ ጨመረበት፣ ሜዳው በስድብ ተናጋ። አማውሪ ዱላውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወደ አግዳሚው ወንበር ዞሮም ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ።

«አሁን ይሄ ምን ማለት ነው?» አሉ ዶኛ ኩካ የባላቸውን እጅጌ እየጎተቱ። «በሕዝብ ፊት ልጁን አዋረድከው እኮ!»

«ፈርም አልኩት» አሉ ዶን ቴሎ።