በአንድ ስም ሁለት ልኬት

ፕሮስቴት እንደ ሽንኩርት ዋጋ ወጣ ወረድ አይልም። ሰኞ ዕለት ሽንት አስቸገረኝ ብለው የመጡትን ኦቦ ጎበናን ቡራዩ ባለው ክሊኒካችን አስተኝቼ፣ ሆዳቸው ላይ ጄል ቀብቼ፣ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ውፍረቱን ለክቼ አልትራሳውንዱ ሠላሳ አንድ ግራም ሲለኝ ደሜ ፈላ። ከሦስት ወር በፊት በዚሁ ስም ዘጠና ሁለት ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኛ። በዚያ ወረቀት ነው ትልቁ ሆስፒታል ለሐሙስ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ የሰጣቸው።

ደግሜ ለካሁ። ያው ሠላሳ አንድ። ከዚያ ሆዳቸውን አየሁት። ያን ጊዜ የለካኋቸው ሰውዬ ከእምብርታቸው በታች ረጅም የስፌት ጠባሳ ነበራቸው። የእኚህ ሆድ ጭረት የለውም።

«ኦቦ ጎበና፣ ጠባሳዎ የት ሄደ?»

«የምን ጠባሳ?»

«ሐሙስ ኦፕራሲዮን የሚሆነው ማነው?»

ጄሉን በሶፍት ጠረጉ። «ታመነ ነው፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። ተከራዬ ነው፣ ግንበኛ። ሽንቱ በትቦ ነው የሚወርድለት። የጤና መድን እንዳያወጣ እዚህ መታወቂያ የለውም። ሰው ሲሞት ቆሜ ልይ? የመድን ደብተሬን ሰጠሁት። ፎቶው እንደሆነ ደብዝዟል፣ ማንንም ይመስላል።»

ጽድቅ እንደሠራ ሰው ቀና ብለው ነው የሚያወሩት። ጋሽ ታመነ ደግሞ ውጭ አግዳሚው ላይ ሆነው እየጠበቋቸው ነው። ጠራኋቸው። የሽንት ከረጢታቸውን በጥቁር ፌስታል ሸፍነው ገቡ። ጠባሳው የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ አወቅኳቸው።

«ጋሽ ታመነ፣ ሐሙስ ሐኪሙ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ ቢልዎት ምን ይላሉ?»

«የለም እላለሁ። ኦቦ ጎበና የሳቸውን አስጠንተውኛል።»

«የርስዎስ?»

«የኔማ ፔኒሲሊን አንዴ ሊገድለኝ ነበር። ሆዴን የተሰፋሁ ጊዜ ትንፋሼን ዘጋው።»

ሐሙስ ጠዋት የሚወጓቸው መርፌ የዚያው ዘር ቢሆንስ? ጋሽ ታመነ ይሞታሉ፣ በወረቀት የሚሞቱት ግን ኦቦ ጎበና ናቸው።

«ጋሽ ታመነ፣ ኦቦ ጎበና ግቢ ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«በዐሥራ ሁለት ዓመት መታወቂያ እንዴት አያወጡም?»

ጋሽ ታመነ መሬት መሬት አዩ። «አከራይ ቀርቦ ተከራዬ ነው ብሎ ይመስክር ይላሉ።»

ወደ ኦቦ ጎበና ዞርኩ። ቀበቷቸውን እያጠበቁ ነበር። «የቤት ኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብዬ ነዋ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ኧረ ስሙልኝ። ስማቸውን ያውሳሉ፣ ደብተራቸውን ያውሳሉ፣ በሽታ ሳይቀር ያስጠናሉ። ቀበሌ ሄደው አንዲት ቃል መተንፈስ ግን ከበዳቸው። አባቴ በሚሆን ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ጮህኩ። «ስምዎን ማን ለመነዎት? ምስክርነትዎን ነው የከለከሉት!» አልኳቸው። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማኝ፣ ይስማ።

ከዚያ ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሆስፒታሉም ጋ ደውዬ የመጀመሪያው ልኬት የሌላ ሰው ነው አልኩ። የሐሙሱ ቀጠሮ ተሰረዘ። እያወቅኩ ነው ያሰረዝኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ተመልሰው መጡ። ጋሽ ታመነ በስማቸው የተጻፈ አዲስ መታወቂያ ይዘዋል። ኦቦ ጎበና ቀበሌ ቀርበው ለመመስከር ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ግማሽ ሰዓት!

ጋሽ ታመነን አስተኝቼ ለካሁ። ዘጠና አራት ደርሷል። በራሳቸው ስም ጻፍኩላቸው፣ ከሥሩም ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በቀይ አሰመርኩበት። ሆስፒታል ስደውል አዲሱ ተራ ከአራት ወር በኋላ ነው አሉኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አራት ወር ምን አላት፣ ሲስተር» አሉ ጋሽ ታመነ፣ ፌስታላቸውን እያስተካከሉ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ የለ?»

ኦቦ ጎበና ከአልጋው ሊያወርዷቸው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ታመነ እጁን አዩት፣ ከዚያ አልጋውን ተደግፈው ብቻቸውን ወረዱ።