መተንፈሻ ያጣው ክዳን

ባሂራ ቡታጅራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኗ ጥግ ላይ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አላት። አንድ ቀን ከቀያዮቹ ዓሦች አንዱ ዘሎ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ሞቶ ተገኘ። ባሏ ራምዚ አናጺ ነውና ማዘኗን ሲያይ ለገንዳው የእንጨት ክዳን ሠራላት፤ መብራቱንም ከክዳኑ ሥር ገጠመው። ክዳኑ ልክክ ብሎ ሲገጥም ራምዚ፣ «ከእንግዲህ ዓሣ ቀርቶ ትንፋሽም አይወጣም!» ብሎ ኮራ።

ባሂራም ደስ አላት። ግን ብዙም ሳይቆይ፣ ክዳኑን ባነሳች ቁጥር ከሥሩ የተንጠለጠለው ጠብታ እንደ ዝናብ ይወርድባት ጀመር። ከገንዳው ጀርባ የግድግዳው ቀለም ተላጠ። ዓሦቹም የውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። አንድ ጠዋት ውሃ የአምፖሉ መያዣ ውስጥ ገባና ጧ ሲል የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ።

ባሂራ ሶኬቱን ነቅላ ራምዚን አስቀመጠችው።

«ክዳኑ መበሳት አለበት።»

«ይሄን የመሰለ እንጨት?» አለ ራምዚ ተቆጥቶ። «ዓሣ እንደሆነ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እርጥበት ምን ያደርገዋል?»

«ዓሣውማ አየር ነው ያጣው። እርጥበቱ የሚጎዳው መብራቱንና እንጨትህን ነው። እስቲ ጠርዙን ንካው።»

ነካው። እንጨቱ አብጧል። ራምዚ ግን ፊቱን አዞረ።

«አንተ ጣውላ ስትከምር በየመሃሉ ቁራጭ እንጨት የምታስገባው ለምንድን ነው?» አለችው።

«እንዲናፈስ ነዋ! ካልተናፈሰማ ይሻግታል…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ወላሂ፣ በራሴ ሙያ ያዝሽኝ!»

ባሂራ በልብስ ጠመኔዋ ምልክት አደረገች፤ አየር በፊት በኩል እንዲገባ፣ እንፋሎቱ በኋላ በኩል እንዲወጣ። ራምዚ በምልክቱ ቆረጠ። ዓሣ እንዳይዘል ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወንፊት ሊሸፍን ሲል፣ «ሽቦ ይዝጋል» ብላ የፕላስቲኩን ሰጠችው። የአምፖሉን መያዣ በአዲስ ቀየሩት። ከሥሩም ዘመም ያለ መስታወት አደረጉ፤ ጠብታው በእሱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

በማግስቱ ራምዚ ከአልጋው ተነስቶ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደ። ዘመም ያለው መስታወት አሁንም ጭጋግ ለብሷል።

«አልሠራም» አለ ትከሻው ወርዶ።

«ሠርቷል እንጂ። ትናንት ዝናብ ነበር፤ ዛሬ ጭጋግ ነው። የኋላውን ቀዳዳ ትንሽ ጨምርልኝ።»

ጨመረላት። ጭጋጉም እየሳሳ ሄዶ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀረ። ዓሦቹ ወደ ታች ወርደው ድንጋዮቹ መሃል መዋኘት ጀመሩ። ግድግዳው ሲደርቅ ባሂራ ራሷ ቀለም ቀባችው። ውሃው በቀዳዳዎቹ እየተነነ ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፤ እሷም ከስፌቷ ስታርፍ ትሞላዋለች።

ጎረቤታቸው ከድጄ ልትጠይቃቸው መጥታ፣ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ እንጨት ነው!» ስትል ራምዚ ክዳኑን ወደ እሷ አዞረው።

«እንጨቱን ተይው» አላት፤ «ቀዳዳዎቹን እይልኝ። ባሂራ ናት ያሰበቻቸው።»